ገና ሩቅ ሳለ፦ ስለ ንስሐና ጥምቀት ለተጻፈው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ጽሑፉን ያመጣችልኝ የቀድሞ ተማሪዬ ናት። ሰባት ገጽ ነው። በኮምቦልቻ ወጣቶች መካከል ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ሰንብቶ፣ የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ ሲደርስ ጠርዙ ተልጦ፣ ሁለት ቦታ ላይ በእስክሪብቶ ተሰምሮበት ነበር። «የተሰመረበትን ብቻ ያንብቡና ይንገሩኝ፤ ይህን ካነበብኩ ወዲህ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ከብዶኛል» አለችኝ። የተሰመረበትን ብቻ ማንበብ ለጸሐፊው ፍትሕ ስለማይሆን ሙሉውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ጸሐፊው ስማቸውን አልጻፉም። አማርኛቸው ያማረ ነው፤ መጽሐፍ ቅዱስ ያነበቡ ሰው ናቸው፤ አንድ ቦታ ላይ የቆሰሉም ይመስለኛል። ክርክራቸው ሲጠቀለል ይህን ይመስላል። እግዚአብሔር ፍቅር ከሆነ ንስሐ የፍርሃት ሥርዓት ነው። ምንም የማያውቅ ሕፃን ማጥመቅ ነገሥታት ያስገቡት ልማድ ነው። ለካህን መናዘዝ በሰውና በፈጣሪ መካከል ደላላ ማቆም ነው። በግእዝ የሚደጋገም ጸሎት ልብ የለውም። በመጨረሻም እኛ ወሎዬዎች ጥምቀትንና ፍቅርን በአንድ አፍ የመጥራት መብት የለንም፤ አያቶቻችን በቦሩ ሜዳ አዋጅ ተገደው የተጠመቁ ናቸውና።

እንቅልፍ የነሣኝ ይህ የመጨረሻው ነው። በተራው እደርስበታለሁ።

ጸሐፊው የሚነሡት «ፍጹም ፍቅር ፍርሃትን አውጥቶ ይጥላል እንጂ በፍቅር ፍርሃት የለም» ከሚለው ከ1ኛ የዮሐንስ መልእክት ነው። ጥቅሱ ትክክል ነው። ከዚያ ግን አንባቢን እጁን ይዘው ወደ ስቅለት ዓርብ ይወስዱታል፤ ከማለዳ ጀምሮ ሲወድቅና ሲነሣ የሚውል ሕዝብ፣ አመሻሽ ላይ ካህኑ በወይራ ቅጠል ትከሻውን መታ መታ እያደረጉ የሚጨምሩለት የስግደት ቁጥር። «ይህ የተገረፈ ባሪያ ሥርዓት ነው፤ የተወደደ ልጅ ጉልበቱ አይላጥም» ይላሉ። ከተሰመረባቸው ሁለት ቦታዎች አንዱ ይህ ነው።

አንድ ቁጥር ብቻ ወረድ ቢሉ ኖሮ መልሱን እዚያው ያገኙት ነበር። ጸሐፊው ምዕራፍ 4 ቁጥር 18 ላይ ቆሙ፤ ቁጥር 19 «እርሱ አስቀድሞ ወዶናልና እኛ እንወደዋለን» ይላል። «አስቀድሞ» የምትለዋን ቃል ደጋግሜ ባነሣት አንባቢ ይታገሠኝ፤ ሰባቱን ገጽ ሁሉ ያጣመመው የእርስዋ መዘለል ነው ብዬ አምናለሁ። ጸሐፊው ንስሐን የሚያዩት ሰው እንዲወደድ ብሎ የሚከፍለው ዋጋ አድርገው ነው። ዋጋ ቢሆን ኖሮ እኔም ከእርሳቸው ጋር ቆሜ እቃወመው ነበር።

የጠፋውን ልጅ ታሪክ የማያውቅ የለም፤ ስለሚታወቅም አስተውሎ የሚያነበው ጥቂት ነው። ልጁ ገና በሩቅ አገር እሪያ ሲጠብቅ ንግግሩን አጥንቶታል። በሰማይና በፊትህ በደልሁ፤ ልጅህ ልባል አይገባኝም፤ ከሞያተኞችህ እንደ አንዱ አድርገኝ። ሉቃስ ግን ልጁ አፉን ሳይከፍት «ገና ሩቅ ሳለ አባቱ አየውና አዘነለት፥ ሮጦም አንገቱን አቀፈውና ሳመው» ይለናል። ኑዛዜው የመጣው ከተሳመ በኋላ ነው። ሦስተኛዋን፣ ያችን የሞያተኛነት ልመና፣ ጭራሽ አልተናገራትም፤ አባቱ «ፈጥናችሁ ከሁሉ የተሻለ ልብስ አምጡ» ብሎ ቀደመው። ደግሞም በእኛ አገር ሽማግሌ አይሮጥም። ሰኞ ገበያ መካከል ጋቢውን ሰብስቦ የሚሮጥ ሽማግሌ ብናይ ወይ ቤቱ ተቃጥሏል፣ ወይ አእምሮው ተነክቷል እንላለን። ክርስቶስ የአባቱን ፍቅር ለመሳል የመረጠው ይህን ሽማግሌ ነው።

ታዲያ ልጁ ኑዛዜውን ለምን ተናገረ? ተስሞ የለም? አዎን፤ ስለተሳመ ነዋ። ያልተወደደ ሰው ጥፋቱን ይደብቃል፤ እንደሚወደድ ያወቀ ግን ደረቱ ይላላና ይናገራል። ጳውሎስም ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ ወደ ንስሐ የሚመራው የእግዚአብሔር ቸርነት ነው ይላል፤ ቁጣው ነው አይልም።

ጸሐፊው እዚህ ላይ የቃል ትርጉም ያመጣሉ። ንስሐ በግሪክኛው ሜታኖያ ነው፤ ሜታኖያ የአሳብ መለወጥ ብቻ ነው፤ ስለዚህ እንባውም ስግደቱም ትርፍ ነው ይሉናል። ሜታኖያ የአሳብ መለወጥ መሆኑን እቀበላለሁ፤ «ብቻ» የምትለው ግን የእርሳቸው ጭማሪ ናት። ነቢያት ይህንኑ ነገር የሚጠሩበት የዕብራይስጥ ቃል ሹብ ሲሆን ትርጉሙ መመለስ ነው፤ የተመለሰ ሰው ደግሞ እግሩ አቧራ ይነካዋል። የራሳችን አማርኛስ ምን ይላል? «ንስሐ ከፈለ» አይልም፤ «ንስሐ አሰበ»ም አይልም። «ንስሐ ገባ» ይላል፤ ሲመሽ ቤት እንደሚገባ፣ ዝናብ ሲይዘው ጥግ እንደሚገባ። ስንት ጊዜ እንዳልኩትና ስንት ጊዜ ሳልሰማው እንዳለፍኩ ሳስብ ይገርመኛል።

ስለ ስቅለት ደግሞ ያየሁትን ልናገር። ባለፈው ስቅለት ከአጠገቤ ሰማንያ ዓመት የተጠጉ እናት ቆመው ነበር። ተራቸው ደርሶ ቄሱ ጉልበታቸውን አዩና «እማማ፣ እርስዎ አቡነ ዘበሰማያት ሦስት ጊዜ ይድገሙ፤ ስግደቱ ይቅርብዎ» አሏቸው። እማማ ተቆጡ። «ለዚያ ጎረምሳ ሃምሳ ሰጥተው ለእኔ ይነፍጉኛል?» ቄሱ ሳቁ፤ ወረፋ የያዝነውም ሳቅን፤ ዐሥር ተሰጣቸውና ግድግዳ እየተደገፉ ሰገዱ። ጅራፍ ይጨመርልኝ ብሎ የሚከራከር ባሪያ እስካሁን አላየሁም። እርግጥ ነው፣ ገሃነምን እንደ ጅራፍ እያጮኸ የሚሰብክም አለ። ጸሐፊው እርሱን ሰምተው ከሆነ የቆሰሉት አልፈርድባቸውም፤ ለእርሱ ጥብቅና አልቆምም።

ሁለተኛው ነጥብ የታሪክ ነው። ሠላሳ ዓመት ታሪክ ያስተማርኩ ሰው ነኝና እዚህ ላይ ትንሽ ቀይ እስክሪብቶ ባነሣ ይቅር ይበሉኝ። የሕፃናት ጥምቀት «በ4ኛው መቶ ዓመት ቆስጠንጢኖስ ክርስትናን የመንግሥት ሃይማኖት ሲያደርግ የገባ» ነው ተብሏል። በኤውሮጳ አቆጣጠር በ313 የሮም ንጉሥ ቆስጠንጢኖስ ክርስቲያኖችን ከስደት ነጻ አወጣ እንጂ ክርስትናን የመንግሥት ሃይማኖት አላደረገም፤ ያን ያወጀው በ380 ቴዎዶስዮስ ነው። ይህ ትንሹ ስሕተት ነው። ትልቁን የሚያሳየን ተርቱልያኖስ ነው። በ200 ዓመተ ምሕረት ገደማ በሰሜን አፍሪካ የጻፈው ተርቱልያኖስ ሕፃናትን ለማጥመቅ አትቸኩሉ፣ ይደጉና ይማሩ ብሎ ተከራክሯል። ከጸሐፊው ጋር የሚስማማ ሰው ነው። ነገር ግን ሰው የሌለን ልማድ አይቃወምም፤ ተርቱልያኖስ የተቃወመው በዘመኑ ሕፃናት ይጠመቁ ስለነበረ ነው፤ ቆስጠንጢኖስ ከመንገሡ መቶ ዓመት ቀድሞ ማለት ነው። በ3ኛው መቶ ዓመት አጋማሽም እዚያው ሰሜን አፍሪካ አንድ ኤጲስ ቆጶስ ሕፃኑ እንደ ግዝረት ስምንት ቀን ይጠብቅ ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ የቅርጣግና ጳጳስ ቆጵርያኖስና ከእርሱ ጋር የተሰበሰቡት ጳጳሳት የእግዚአብሔር ጸጋ ለተወለደ ሰው አይዘገይም፣ ስምንት ቀንም አትጠብቁ ብለው መልሰዋል።

ይልቁንስ በ4ኛው መቶ ዓመት የሆነው ጸሐፊው ካሉት ተቃራኒው ነው። በዚያን ዘመን ብዙ ሰው ጥምቀቱን ያዘገይ ነበር፤ ከተጠመቅሁ በኋላ ብበድልስ እያለ። ቆስጠንጢኖስ ራሱ የተጠመቀው በ337 ሊሞት ሲል ነው። ስለዚህ የሕፃናት ጥምቀትን በእርሱ ማሳበብ፣ ጾም የማያውቀውን ሰው የጾም መሥራች እንደ ማድረግ ነው።

የሐዋርያት ሥራን በተመለከተ ግን ጸሐፊው የያዙት እውነት አለ። እዚያ በስም የተጠቀሱት ተጠማቂዎች አዋቂዎች ናቸው። የወኅኒ ጠባቂው «ከቤተ ሰዎቹ ሁሉ ጋር» ተጠመቀ ሲል ከቤተ ሰዎቹ መካከል አራስ ነበረች ብዬ አልምልም፤ አላየሁም። የእኔ ክርክር የሚቆመው ሌላ ቦታ ነው። ሽባውን አራት ሰዎች ተሸክመው፣ ጣሪያ ነድለው ባወረዱት ጊዜ ማርቆስ «ኢየሱስም እምነታቸውን አይቶ» ይላል። እምነታቸውን፣ የተሸካሚዎቹን። ሽባው አልጋው ላይ ሆኖ ምን እንዳሰበ እንኳን አልተነገረንም። ሕፃንም እንዲሁ በሰው ክንድ ነው የሚደርሰው። «አያውቅም» የሚለው ክስ ለእኔ የጥምቀቱ ጉድለት ሳይሆን የጥምቀቱ ትርጉም ነው፤ አስቀድሞ መወደድ ማለት ሳያውቁ መወደድ ነውና። ያወቀ፣ ያመሰገነ፣ የሚመልሰው ያለው ሰው ቢወደድማ ምን ይደንቃል? ቀራጩም ቢሆን የሚወዱትን ይወድዳል።

የዛሬ ሦስት ዓመት የእህቴን የልጅ ልጅ ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ። ሰማንያ ቀኗ ነበር። የደሴን ንጋት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ የጦሳ ጫፍ ገና በጉም ተሸፍኖ፣ ውኃው ሲነኩት ጣት ይቆረጥማል። ፊቴን ወደ ምዕራብ አዙሬ በእርስዋ ፈንታ ሰይጣንን ካድኩ፤ ወደ ምሥራቅ ዞሬ በእርስዋ ፈንታ አመንኩ። ሦስት ጊዜ ስትጠልቅ ሦስት ጊዜ ጮኸች፤ ሦስተኛው ላይ ድምፅዋ ቅጥሩን አልፎ ተሰማ። ከዚያ ሜሮኑ፣ ማተቡ፣ ነጩ ልብስ፣ በመጨረሻም ሥጋ ወደሙ። ሲያቆርቧት እንቅልፍ ወሰዳት። ወለተ መድኅን ተባለች። እኛ ይህን ሁሉ በአንድ ግሥ ነው የምንጠራው፤ «ክርስትና ተነሣች» እንላለን። ጳውሎስ ከክርስቶስ ጋር በጥምቀት ተቀበርን፣ ተነሣንም ብሎ በመልእክቱ ያሰፋውን የአገራችን ሰው ለጎረቤቱ የድግስ ጥሪ ሲያስተላልፍ በአንዲት ቃል ይጨርሰዋል።

ጸሐፊው ወንድ በአርባ፣ ሴት በሰማንያ ቀን መሆኑንም አንሥተው «ሴት ልጅ ሁለት እጥፍ የረከሰች ናት ማለት ነው» ብለዋል። ሴት ስለሆንኩ ይህን ጥያቄ ከእርሳቸው በፊት ጠይቄዋለሁ። ቁጥሩ በኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 12 ካለው የእናት የመንጻት ወራት ጋር ይገጥማል። ነገር ግን የእኛ ቤተ ክርስቲያን መጽሐፈ ኩፋሌም አላት፤ ኩፋሌ አዳም በ40 ቀን፣ ሔዋን በ80 ቀን ገነት ገቡ ይላል። አያቶቻችን ቀን የሚቆጥሩት በዚያ ነው፤ ልጅቱ ገነት የምትገባበትን ቀን ነው የሚጠብቁት። ይህ መልስ ለሁሉም ሴት እንደማይበቃ አውቃለሁ። ለእኔ በቅቶኛል።

አንድ የሚያሳፍረኝም አለ። «ለክርስትና ሙክት የሚያርድ አባት ለልጁ መዝሙረ ዳዊት አይገዛለትም፤ የክርስትና አባትና እናት የተባሉትም ከድግሱ በኋላ አይታዩም» የሚለውን ሳነብ ወረቀቱን አስቀመጥኩት። አራት የክርስትና ልጆች አሉኝ። አንደኛዋ ዛሬ የት እንዳለች አላውቅም።

ወደ ደላላው እንምጣ። «ኃጢአቴን በጓዳዬ ለፈጣሪዬ እነግራለሁ፤ ቄስ ምን ያደርግልኛል?» ይላሉ ጸሐፊው። በጓዳ መንገርን የከለከለ የለም፤ «አቤቱ እንደ ቸርነትህ መጠን ማረኝ» የሚለውን መዝሙር 50ን በየጓዳችን የምንደግመው ለዚሁ ነው። ይሁን እንጂ «እርስ በርሳችሁ በኃጢአታችሁ ተናዘዙ» ያለው ያዕቆብ ነው፤ «ኃጢአታቸውን ይቅር ያላችኋቸው ሁሉ ይቀርላቸዋል» ያለው ከሙታን የተነሣው ጌታ ነው፤ ያለውም ለሰዎች፣ በፍርሃት በር ዘግተው ለተቀመጡ ሰዎች ነው። ጸሐፊው ሁለቱንም ጥቅስ አላነሡም።

ጓዳ ብቻውን የማይበቃበትን ምክንያት ያስተማረኝ አንድ እህል ነጋዴ ነው። ሰውየው ሚዛኑን ነክቶታል፤ በየኪሎው ጥቂት ጥቂት ይጎድላል። እርሱ እንደነገረን ለዓመታት በየሌሊቱ በጓዳው «ማረኝ» ይል ነበር፤ ሲነጋ ደግሞ በዚያው ሚዛን ይመዝናል። የልጁ ሠርግ ሲደርስ ለንስሐ አባቱ ነገራቸው። አባ ስግደት አላዘዙትም። «መጀመሪያ ሚዛኑን አስተካክል። ቀጥሎ ዓመቱን ሙሉ ለሚገዛህ ሁሉ ከላይ አንድ እፍኝ ጨምር፤ ለምን ብለው ቢጠይቁህ እውነቱን ንገራቸው» አሉት። የመጨረሻዋ ናት የከበደችው። እፍኙ ከእህሉ ላይ ዘርገፍ ሲል በዓይኔ አይቻለሁ፤ ጠይቄውም ጆሮው ድረስ ቀልቶ ነግሮኛል። ጓዳ እፍኝ አያዝዝም። ዘኬዎስም «አራት እጥፍ እመልሳለሁ» ያለው ከሾላው ወርዶ፣ በሰው ፊት ቆሞ ነው፤ ያውም ጌታ «ዛሬ በቤትህ እውል ዘንድ ይገባኛል» ካለው በኋላ። እንግድነቱ ቀደመ፤ ሒሳቡ ተከተለ። አሁንም «አስቀድሞ»።

ጸሐፊው «ደላላ» ሲሉ የደረሰባቸው ነገር ሊኖር ይችላል፤ እኔንም ደርሶብኛልና። በወጣትነቴ ከባድ ነገር ይዤ ወደ አንድ ካህን ሄጄ ነበር። ገና ሳልጨርስ ጮኹብኝ፤ በቅጥሩ ውስጥ የነበረው ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። አምስት ዓመት ቤተ ክርስቲያን ከደጁ ተሳልሜ ተመለስኩ። ኋላ ዘመድ ልጠይቅ ሐይቅ ሄጄ አንድ አረጋዊ መነኩሴ አገኘሁ። ምን እንደሆንኩ ሳይጠይቁኝ «ምሳ በልተሻል ልጄ?» አሉኝ። ቆሎ አቀረቡልኝ። እኔ ስናገር እርሳቸው መሬት መሬት እያዩ ሰሙ፤ ስጨርስ ቀኖናውን ነገሩኝና «እግዚአብሔር ይፍታሽ» አሉኝ። አይታሰርሽ፣ አይቅጣሽ አይደለም፤ ይፍታሽ። የታሰረ ገመድ እንደሚፈታ፣ ጥጃ ከችካሉ እንደሚፈታ። የመጀመሪያው ካህን በደለኝ ማለት እችላለሁ፤ ከሁለተኛው በኋላ ግን ሥርዓቱ ከንቱ ነው ማለት አልችልም።

የግእዙን ጸሎት በአጭሩ ልለፈው፤ ጸሐፊውም አንድ ገጽ አልሞሉበትም። «በከንቱ አትድገሙ» የሚለውን የማቴዎስን ቃል ይጠቅሳሉ። የተከለከለው ከንቱው ነው፤ መድገሙ ቢሆን ኖሮ ጌታ ራሱ በጌቴሴማኒ «ያንኑ ቃል» ለሦስተኛ ጊዜ ባልጸለየ ነበር። መዝሙር 135ም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ በ26 ቁጥሮች፣ በየቁጥሩ «ምሕረቱ ለዘላለም ነውና» ይላል። በሰሙነ ሕማማት የምንደጋግመው ኪርያላይሶንም፣ ጸሐፊው እንዳሉት ግእዝ ሳይሆን ግሪክኛ ነው፤ ጌታ ሆይ ማረን ማለት ነው። የማይገባውን ቋንቋ እየሰማ ለሚያንቀላፋው ወጣት ግን አዝናለሁ። በአማርኛ ይቀደስለት፤ ይተርጎምለት። በዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር አልጣላም።

አሁን ቦሩ ሜዳ።

ከደሴ በስተ ሰሜን ያለውን ያን ሜዳ ብዙዎቻችን በመኪና መስኮት አይተነው እናልፋለን። በ1870 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና ሊቃውንቱ የተሰበሰቡት እዚያ ነው። በክርስቶስ ልደት ትምህርት ላይ ክርክር ተደርጎ የሁለት ልደት ትምህርት፣ አንዱ ከአብ አንዱ ከድንግል ማርያም የሚለው፣ ጸና፤ ሦስት ልደት የሚሉት ተረቱ። ይህ ሊቃውንት የሚያስታውሱት ክፍል ነው። ወሎ የሚያስታውሰው ሌላውን ነው። የወሎ ሙስሊም እንዲጠመቅ ታዘዘ። ከወሎ መሳፍንት ኢማም መሐመድ ዓሊ፣ ሚካኤል ተብለው ሲጠመቁ የክርስትና አባታቸው ዐፄ ዮሐንስ ነበሩ፤ ኋላ ራስ፣ ከዚያም ንጉሥ የተባሉት፣ ደሴን ከተማቸው ያደረጉት እርሳቸው ናቸው። አማዴ ሊበን ደግሞ በምኒልክ ክርስትና አባትነት ኃይለ ማርያም ተባሉ። መሳፍንቱ ማዕረግ አገኙ። ሌላው ሕዝብ ከፊሉ ተሰደደ፤ ከፊሉ እንደ ሼህ ጦልሐ ያሉትን ተከትሎ ተዋጋ፤ ከፊሉ ቀን ቤተ ክርስቲያን ስሞ ሌሊት በቤቱ ሰገደ። በእናቴ ወገን ቅድመ አያቴ ሁለት ስም ነበራቸው ይባላል፤ አንዱ የቀን፣ አንዱ የሌሊት። አያቴ የሌሊቱን ስም የምትነግረን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ነበር፤ ለምን እንደምትንሾካሾክ ብጠይቃት ለራስዋም አይታወቃትም።

ስለዚህ ጸሐፊው ይህን ሲያነሡ ሐሰት አልተናገሩም። ክርስቲያን ወገኖቼ «ዘመኑ ነው» ወይም «አገር አንድ ለማድረግ ነው» እያሉ ሲያስተባብሉ ስሰማ እኔም እቆጣለሁ። ለአንድነት የተደረገ ነገር ከሆነ ፖለቲካ ይባል፤ ጥምቀት አይባል። የምጣላው ከድምዳሜያቸው ጋር ነው። «ስለዚህ ጥምቀት የሰይፍ ልጅ ናት» ይላሉ፤ ሁለተኛው የተሰመረበት ቦታ ይህ ነው።

ስለ ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ አንድም ቃል አለመጻፋቸው ደነቀኝ። በአዲስ ኪዳን ውስጥ ስለ ጥምቀት የሚተርክ፣ የእኛን አገር ስም የያዘ ታሪክ ያ ነው። በጋዛ መንገድ ሠረገላው ላይ ተቀምጦ ኢሳይያስን ያነብባል፤ ፊልጶስ ያስተምረዋል፤ ወደ ውኃ ይደርሳሉ። «ተጠመቅ» ያለው የለም። ራሱ ነው «እነሆ ውኃ፤ እንዳልጠመቅ የሚከለክለኝ ምንድር ነው?» ብሎ የጠየቀው። ፊልጶስም «በፍጹም ልብህ ብታምን፥ ተፈቅዶአል» አለው። አስተውሉ፤ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ተጠማቂ ውኃውን የለመነ ሰው ነው። ቦሩ ሜዳን በምን እንለካዋለን ቢሉኝ በዚህ ሠረገላ ነው የምለካው፤ ሲለካም ይጎድላል። አዋጁን የሚፈርድበት ከውጭ የመጣ መለኪያ አይደለም፤ ያው የጥምቀት ቃል ነው። ሕፃኑስ ተጠይቋል ወይ ይሉኝ ይሆናል። አልተጠየቀም፤ ነገር ግን ሕፃኑን ይዞ የሚመጣው የወላጁ ክንድ ነው፤ ያን ሕዝብ ያመጣው ወታደር ነው።

ከሁሉ በላይ የገረመኝ ደግሞ ይህ ነው። ጸሐፊው በመጀመሪያው ገጽ ንስሐ አያስፈልግም አሉ። በሰባተኛው ገጽ ቤተ ክርስቲያን ስለ ቦሩ ሜዳ «አንድም ቀን አልተጸጸተችም» ብለው ከሰሱ። ንስሐን ከሰረዙት በኋላ ለዚህ ምን ቃል ተረፋቸው? እግዚአብሔር ፍቅር ስለሆነ እንዲሁ ይታለፍ እንበልን? የቅድመ አያቴ የሌሊት ስም እንዲሁ ይታለፍ? ለተሰደደው፣ ለተዋጋው፣ ስሙን ላንሾካሾከው ሕዝብ የሚመጥን ቃል «በደልን» የሚለው ነው፤ ያም ቃል የሚገኘው እርሳቸው በዘጉት ቤት ውስጥ ነው። ሰባተኛው ገጽ የመጀመሪያውን ገጽ ያፈርሰዋል፤ እኔ ደግሞ ሰባተኛውን ገጽ ነው የማምነው።

የክርስትና ልጄን ቀን ነግሬ አልጨረስኩም። ወለተ መድኅን ስትጠመቅ የአባትዋ እናት ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ውጭ፣ ጽዱ ሥር ቆመው ነበር። ሙስሊም ናቸው። ልጃቸው በራሱ ፈቃድ ሃይማኖቱን ሲለውጥ አልቅሰዋል፤ ይህን አልደብቅም፤ ለአንድ ዓመት ያህልም አልተነጋገሩም። በዚያ ጠዋት ግን ከእኛ ቀድመው ነው የመጡት። ስንወጣ የለበሱትን ጋቢ ገልብጠው፣ የሞቀውን የውስጥ በኩል፣ ለሕፃኗ ዘረጉላት። «ማሻአላህ፤ አቀዘቀዛችኋት እኮ» አሉና ከእጄ ተቀበሉኝ። ስሟን ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ሁለት ጊዜ ደገሙት፤ ድምፃቸውን ዝቅ ሳያደርጉ።

ያች ሕፃን ዛሬ ወንድም አግኝታለች። በሚመጣው ወር መጨረሻ አርባ ቀኑ ይሞላል፤ ተማሪዬም እመጣለሁ ብላኛለች። ጸሐፊው ይህ ምላሽ ከደረሳቸው እርሳቸውንም እጋብዛለሁ፤ ለክርክር አይደለም፤ ለክርክር ከቅዳሴው በኋላ ቡናው አለ። ከኮምቦልቻ ለሚመጣ ሰው በሌሊቱ መኪና መነሣት ያስፈልጋል። የልጆቹ የአባት እናት እንደዚያን ጊዜው ጽዱ ሥር ስለሚቆሙ፣ ጸሐፊው ወደ ውስጥ መግባት ቢከብዳቸው ከእርሳቸው ጋር ይጠብቁን። የደሴ ጠዋት የኮምቦልቻን አይመስልምና ጋቢ ይያዙ።